በክብደት የተከፈሉ ኮምፒውተሮች

የአባቴ አርባ በወጣ ማግስት፣ ጋሽ ፍስሐ ኮምፒውተራችንን እንደ ቡና ጆንያ ብድግ አድርገው መዘኑት።

አባቴ ደምመላሽ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ፣ ጠባብ የጽሕፈት ሱቅ ነበረው። ማመልከቻ ይጽፋል፣ የቤት ኪራይ ውል ይጽፋል፤ ሰኔ ሲቃረብ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በብዕር ሞነጫጭረው ያመጡለታል። ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩት። ሁለቱም ያገለገሉ፣ ከመርካቶ በአውቶብስ ጣሪያ ላይ ተጭነው የመጡ፣ መስኮት የምንለው ስክሪናቸው ሆዱ ወደ ኋላ የተነፋ ነበር። አንደኛው ጎኑ ላይ የማናውቀው አገር ትምህርት ቤት ምልክት ተለጥፎበታል። አባቴ ለደንበኛ ሁሉ "ይኼኛው ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው" ይል ነበር። ጊዜው ለሚሊኒየሙ በዓል ሽር ጉድ የሚባልበት ነው፤ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ።

እናቴ ተናኘ ወደ ሱቁ ዘልቃ አታውቅም ማለት ይቻላል። ምሳ ይዛ ትሄዳለች፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ታቀብላለች፣ ባዶ ሳህኑን ይዛ ትመለሳለች። ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው አቧራ እንደማይወድ ብቻ ነበር።

አባቴ በየሳምንቱ "ሰርቦ ሥራ አለኝ" ብሎ ወደዚያች ጎረቤት ከተማ ይሄድና አንዳንዴም አድሮ ይመጣ ነበር። እኔም ለክፍል ጓደኞቼ "ሰርቦ ቅርንጫፍ አለን" እያልኩ እንቀባረራለሁ። አንድ ቀን ይህንኑ ለጎረቤታችን ለእትዬ ብርሃኔ ስነግራቸው የያዙት ሻይ ትን እስኪላቸው ሣቁ። በሥራችን መስፋፋት ደስ ያላቸው ነበር የመሰለኝ።

የአባቴን ንብረት ሊያካፍሉ የተጠሩት ሽማግሌዎች የተቀመጡት ሱቁ ውስጥ ነው። ጋሽ ፍስሐ የዕድራችን ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በቡና መጋዘን ሚዛን አጠገብ ቆመው ነው። ከሰርቦ ደግሞ አንድ ሐጂ መጡ። ከሐጂው ኋላ ሻርፕዋን እስከ ግንባሯ ያወረደች ቀጭን ሴትና ከእኔ ትንሽ የሚያንስ ልጅ ነበሩ። ሴትዮዋን ዘይቡ፣ ልጁን አኒስ ሲሏቸው ሰማሁ። የሰርቦ ቅርንጫፋችን ሠራተኛ መሆን አለባት ብዬ ከመጋረጃው ኋላ በደንብ አየኋት። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር የተቀመጠችው።

"ሕጋዊዋ ተናኘ ናት፤ ይኼ አያከራክርም" አሉ ጋሽ ፍስሐ። "ልጁም ግን ባዶ እጁን አይሄድም።"

"ሐቅ ነው፤ ባዶ እጁን አይሄድም" አሉ ሐጂው።

ይኼ ገባኝ። እኛ ቤት እንግዳ ሆኖ የመጣ ልጅ ቢያንስ ዳቦ ሳይዝ አይወጣም።

ከዚያ ጋሽ ፍስሐ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተነሡ። መስኮቱን አቀፉና ብድግ አደረጉት፤ "ውይ ውይ! ዋናውስ ይኼ ነው" ብለው አስቀመጡት። ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው በታች ያለውን ሣጥን ሲያነሡት ግን ቅር ያላቸው መሰሉ።

"ይኼ ቀለል ይላል። ምንድነው ሐጂ?"

"ስታቢላይዘር ይመስለኛል። እኛም ቤት ለፍሪጁ እንዲህ ያለ አለን።"

ጋሽ ፍስሐ ሌላውንም ሣጥን በክንዳቸው ሞክረው ፍርዳቸውን ሰጡ፦ "ከባዱ ለተናኘ፣ ቀላሉ ለልጁ።" ሁለቱ መስኮቶች፣ ማተሚያውና ሱቁ ለእኛ፤ ሁለቱ ሣጥኖች ለሰርቦዎቹ። አባቴ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚነካው የሣጥኑን ቁልፍ እንደሆነ አይቻለሁ። ግን መብራትም የሚበራው ግድግዳ ላይ ባለ ቁልፍ ነው፤ ግድግዳውን አምፖል የሚለው የለም። ደግሞስ ሽማግሌ ሲናገር ልጅ አፉን አይከፍትም።

"ይበቃናል አባ፣ አልሐምዱሊላህ" አለች ዘይቡ። ተነሥታ ሣጥኑን ከጋሽ ፍስሐ እጅ እንቁላል እንደምትቀበል ሆና ተቀበለች። ሽማግሌዎቹም በጥቂት የምትረካ ጨዋ ሴት ናት ተባብለው መርቀው ተነሡ።

በሳምንቱ እናቴ ሱቁን ከፈተች። የቤት ኪራይ መክፈያ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ሱቁ ካልሠራ ዕቃችንን ጠቅልለን ደዶ፣ አጎቴ ቤት ልንጠጋ ነው። የአጎቴን ሚስት የምታውቅ እናቴ ይህን ስታስብ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ጠረጴዛውን ወልውላ፣ መስኮቶቹን ሶኬት ላይ ሰካች። ጥቁር ላይ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ብቅ አለችና ከጥግ ጥግ መንከራተት ጀመረች። ሌላ ምንም የለም። ባለቤታቸው ስለሞተ ሐዘን የተቀመጡ መሰለኝና እኔም አብሬ አለቀስኩ።

እናቴ ሲጨንቃት አጠገባችን ፎቶ ቤት ያለውን ልዑል የሚባል ወጣት ጠራችው። ልዑል ገባ፣ አየ፣ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው በታች አየ፣ ቀና አለ።

"እትዬ ተናኘ፣ ኮምፒውተሩ የት አለ?"

"ይኸው ፊትህ የተቀመጠው ምንድነው?"

"ይኼማ መስኮቱ ነው። ቤቱ የት ሄደ?"

እናቴ ነገሩ እስኪገባት ትንሽ ቆየች። ሲገባት ሱቁን ቆለፈችና እጄን ይዛ ወደ ሰርቦ ሚኒባስ ገባች። መንገዱን ሙሉ እጄን እንደጨበጠችው ነበር፤ አሞኛል ብላትም አልሰማችኝም።

የዘይቡ ቤት ከአንድ የቡና መጋዘን ጀርባ ነበር። በሩ ክፍት ስለነበረ ከውጭ አየሁት፦ ሁለቱ ሣጥኖች አልጋው ላይ፣ በሕፃን ብርድ ልብስ ተሸፍነው ተጋድመዋል። እኔና አኒስን ወደ ግቢው አስወጡንና በሩ ተዘጋ።

"አውቀሽ ነው!" ስትል ሰማሁ እናቴ። "እያወቅሽ ነው ያታለልሽኝ!"

የዘይቡ ድምፅ ዝቅ ያለ ስለነበር ከ"ወላሂ" እና ከ"ማሎ" በቀር ምንም አልተሰማኝም። ልመና እንደሆነ ግን በድምፁ ገባኝ። ከዚያ አንዷ ማልቀስ ጀመረች፤ ቀጥሎ ሌላዋም።

"ለሣጥኑ ነው የሚያለቅሱት" አልኩት አኒስን።

"ሣጥኑ የአባዬ ነው" አለኝ።

"አባትህም የኮምፒውተር ሰው ነው?"

"ነበር። ሞተ።"

"የኔም ሞተ።"

ሁለታችንም በነገሩ ብዙ አሰብንበት። ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ቶሎ የሚሞት ሳይሆን አይቀርም ብለን ተስማማንና እኛ እንደማንነካ ተማማልን። አኒስ ወንድሜ መሆኑን ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ጊንጆና ሰርቦ ያወቀውን እኔ በመጨረሻ ሰማሁ። መሐላውን ግን ሁለታችንም ያፈረስነው በዚያው ሳምንት ነው።

በሩ ሲከፈት ሁለቱም ፊታቸው አብጦ ነበር። እናቴ ደረቅ ባለ ድምፅ "ሣጥኑ የሷ፣ መስኮቱ የኛ፤ ገቢው እኩል" አለችኝ፤ ዋናዋ ባለጉዳይ እኔ የሆንኩ ይመስል። "ሲመሽ ግን ይዛ ትሂድ። የሷ ዕቃ ሱቄ ውስጥ አያድርም።"

በማግስቱ ዘይቡ ሣጥኑን በአንቀልባ አዝላ ከመጀመሪያው ሚኒባስ ወረደች። ረዳቱ ሸኩር ገና ሰርቦ ላይ ተቆጥቷት ነበር አሉ።

"ልጅ ነው ዕቃ? ዕቃ ከሆነ ይከፈልበታል!"

"ልጅ ነው።"

"ታዲያ ለምን አያለቅስም?"

"ጨዋ ነዋ፣ አቦ! አንተን አልወጣም።"

መኪናው ሙሉ ሳቀና ሸኩር ተሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት "ልጁስ ደኅና አደረ?" እያለ ያሳፍራት ጀመር። ሁለተኛውንም ሣጥን እንዲሁ አመጣችው። አኒስ ትምህርት ስለተዘጋ አብሯት ይመጣል። እሱ ቁልፎቹን ሲጫን የምላሱን ጫፍ በከንፈሩ ጠርዝ ብቅ ያደርግ ነበር፤ ልክ እንደ አባቴ። ኮምፒውተር የሚያመጣው ነገር ነው ብዬ እኔም እንዲመጣልኝ እጠባበቅ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች አይነጋገሩም። ክፍሉ እጅ ቢዘረጉ ግድግዳ የሚነካበት ነው፤ እነሱ ግን በእኔ በኩል ነበር የሚላላኩት።

"ፍሬ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ነው በያት።"

"ፍሬ፣ ከመሳቢያው ሥር ገና አለ በያቸው።"

ዘይቡ እናቴን የምትጠራው በአንቱታ ነበር። እናቴ ደግሞ ዘይቡን ጭራሽ አትጠራትም።

እኔ ግን ዘይቡን ወደድኳት። ሣጥኑ ሲያስቸግር የምታደርገው ነገር ያስደንቀኝ ነበር። ክዳኑን ትከፍትና "ላጲስሽን ስጪኝ እስቲ" ትለኛለች፤ ከውስጡ አንዲት ቀጭን ሰሌዳ ነቅላ የሰሌዳዋን ወርቅማ ጥርሶች በእኔ ላጲስ ፈትጋ ትመልሳታለች፤ ሣጥኑም ይነሣል። ማራገቢያው ሲያጓራ ሳንቲም የሚያህል ካርቶን ትሸጉጥለታለች። የወለቀውን የ"ሀ" ቁልፍ በሸሚዝ አዝራር ተክታዋለች። አንዱ ሣጥን ሲብስበት ከሌላው ትነቅልለታለች፤ እየቆየ ሁለተኛው ለመጀመሪያው መለዋወጫ ሆኖ ባዶውን ሊቀር ደረሰ። አዲስ ዕቃ መግዛት የሚባል ነገር አይታሰብም ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሊበሳው ደረሰ። ሔራን የምትባል ተማሪ ጽሑፏን በማግስቱ ጠዋት ማስረከብ አለባት፤ ሣጥኑ ጩኸት አሰማና ጸጥ አለ። ሥራዋ ሁሉ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናቴም አመድ መሰለች። የዚያችን ልጅ ሥራ ካጠፋን በማግስቱ የሚመጣ ተማሪ አይኖርም፤ ከሰኔ በኋላ ደግሞ የሚመጣ ሥራ የለም። ደዶ ታየቻት።

ዘይቡ ክዳኑን ከፈተች። ላጲሱ አልሠራም። ከጎማ ጠጋኙ ፓምፕ ተውሰን ስንነፋው ከማራገቢያው ሥር የቡና ገለባ በነነ፤ ከዘይቡ ቤት ጀርባ ካለው መጋዘን የገባ መሆን አለበት። እሱም አልበቃም። ክፍሉ ጨልሞ ስለነበር ዘይቡ ሽቦውን ለማየት ዓይኗን እያጠበበች ጎነበሰች። እናቴ ከወንበሯ ተነሣች፣ ባትሪ አበራችና አጠገቧ ተንበረከከች።

"እዚህ ጋ ነው? ያዝኩልሽ" አለቻት።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ራሳቸው ሊነካካ ደርሷል። ዘይቡ ከሁለተኛው ሣጥን የመጨረሻዋን ሰሌዳ ነቅላ ተከለች፣ ቁልፉን ተጫነች፤ መስኮቱ ቦግ አለ። ሔራን ዘላ እናቴን አቀፈቻት።

ማተሚያው እያቃሰተ ወረቀቱን አንድ በአንድ ሲተፋ ዝናቡ አልቆመም። ሻይ አስመጡ። እናቴ ብርጭቆዋን እያየች ጠየቀች።

"እዚያ ስኳር ያደርግ ነበር?"

"ኤዬ፤ እንዴ! ማንኪያውን ሞልቶ፣ ደጋግሞ።"

"እኔ ቤት ያለ ስኳር ነበር። ጨጓራዬን ያመኛል ይለኝ ነበር።"

"እኔንም ሲመጣ ጨጓራዬን አመመኝ ይለኝ ነበር። በስኳር ነው የሚሻለኝ ይላል።"

እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ ሞላ። እኔ የሚያሙት አንድ አስቸጋሪ ደንበኛ ነበር የመሰለኝ። የአባቴ ሻይ እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ትዝ ሲለኝ እኔም መሳቅ ወይ ማልቀስ እንዳለብኝ አላውቅም።

ሲመሽ ዘይቡ አንቀልባዋን ዘረጋች።

"ተዪው" አለች እናቴ። "ዝናብ ነው። እዚሁ ይደር።"

የራሷን ጋቢ አምጥታ አለበሰችው።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ዘይቡ ጠዋት መጥታ ማታ ትመለሳለች፤ ሣጥኑ ግን ጊንጆ ያድራል። በእኔ በኩል መላላካቸው ቀረ፤ አንቱታውም ሳላውቀው ቀረ። ልዑል አዲስ አበባ በተመላለሰ ቁጥር ያገለገለ ዕቃ ማምጣት ጀመረ፤ ዋጋውም እየረከሰ ሄደ። አንድ ቀን ከእኛዎቹ በብዙ የሚሻል ሣጥን በእጁ ይዞ ገባ።

"እትዬ ተናኘ፣ ይኼን ይውሰዱና ይገላገሉ። ከማንም ጋር ገቢ መካፈል የለ፣ ምን የለ። ዋጋውንም ለእርስዎ ቀንሼ ነው።"

እናቴ ሣጥኑን ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው። ዘይቡ ማተሚያው ጋ ሆና ጀርባዋን እንደሰጠች ነበር፤ ወረቀቱን መደርደር አቆመች።

"ጥሩ ነበር ልጄ። እጄ ላይ ግን የለም" አለች እናቴ።

ልዑል በሌላ ዓመትም ጠየቃት፤ መልሷ ያው ነበር። እኔም ምን ያህል ድሃ እንደሆንን ያወቅኩት ያኔ ነው። አሮጌ ሣጥን እንኳ መግዛት አቅቶን አንዲት ሴት ከሰርቦ መመላለሷ አንጀቴን ይበላው ነበር። በዓል ሲመጣ ጫማ አልጠየቅኩም። ተምሬ ሥራ ስይዝ መጀመሪያ ለእናቴ አዲስ ኮምፒውተር እገዛላታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። በመጀመሪያ ደሞዜ ልገዛላት ስል ደግሞ ተቆጣችኝ፤ ለራሴ ልብስ እንድገዛ አዘዘችኝ።

አምና አኒስ ሰርቦ ላይ ኒካህ አሰረ። እኔ የሙሽራው እህት ነኝና ሽር ጉድ ስል ውዬ፣ ከሰዓት ላይ ከዘይቡ ጋር ከጓሮ ተቀመጥን። እግሯን ዘርግታ ታሸው ነበር። ለብዙ ዓመታት ልጠይቃት የምፈልገውን ነገር ያኔ ጠየቅኳት።

"እትዬ ዘይቡ፣ ጋሽ ፍስሐ ያካፈሏችሁ ቀን ዋናው ሣጥኑ መሆኑን ታውቂ ነበር?"

"ኤዬ፣ አውቃለሁ እንጂ! አባትሽ ሣጥኑን እዚህ እያመጣ ሲፈታታ አጠገቡ ሆኜ ባትሪ የምይዘው እኔ አይደለሁም?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

እግሯን ማሸቱን ተወች። "ብናገር ምን ይሆናል? አንድ አንድ ሙሉ ኮምፒውተር ያካፍሉንና መንገዴን ያሳዩኛል። በቃ፣ አለቀ። ልጄ ጊንጆ ላይ እህት እንዳለችው ሳያውቅ ያድጋል። መስኮቱ እናንተ ዘንድ ከቀረ ግን እናትሽ መምጣቷ አይቀርም አልኩ። ተሳድባም ቢሆን ትምጣ አልኩ። ወላሂ፣ እስክትመጣ ድረስ እንቅልፍ አልተኛሁም።"

ማታ ጊንጆ ስንመለስ እናቴ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነገርኳት። ትልቅ ምስጢር የያዝኩ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ነጠላዋን እያጣጠፈች "አውቃለሁ" አለችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሰርቦ የሄድን ዕለት ራሷ ነገረችኝ። በምን ያለቀስን መሰለሽ?"

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺ ግን ልዑል ያመጣውን ሣጥን ለምን እንዳልገዛሁ ጠይቀሽኝ አታውቂም።"

"ገንዘብ ስላልነበረን ነዋ።"

"ነበረኝ። የመጀመሪያውም ጊዜ፣ ሁለተኛውም ጊዜ ነበረኝ።"

"ታዲያ?"

"ከገዛሁ አትመጣማ።"

"ለአኒስ ብለሽ ነው?"

"ለአኒስም ለአንቺም ብዬ ነው ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር" አለች። "እሱም አለ። ግን ለራሴ ነው። አባትሽን ይቅር አላልኩትም፤ አሁንም አላልኩትም። ሰፈሩ ሁሉ እኔን ሲያይ ወይ ይስቃል ወይ ያዝናል። እትዬ ብርሃኔ እንኳ ስሙን ባነሣሁ ቁጥር 'እሱን ተዪው' ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ናፍቆኛል። ባሌ ነው፤ ናፍቆኛል ብዬ ለማን እናገራለሁ?"

የተጣጠፈውን ነጠላ ጉልበቷ ላይ አደረገችና በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

"ለሌላው ሰው የተከዳሁ ሚስት ነበርኩ ልጄ። ባሌ የሞተብኝ ከዘይቡ ጋር ስሆን ብቻ ነበር።"